ዩሪያው ሁሉ ጣና ይገባል? 35 ምላሽ ያስከተለች አንዲት ጥያቄ

የአባቴ ማሳ ፎገራ ነው። በክረምት ሩዝ ይዘራል። ውሃው ሲሸሽ ጓያ ይከተላል። በበጋ ደግሞ ከጉማራ በሞተር ውሃ ስቦ ሽንኩርት ያለማል። ከማሳው ጀርባ ስም የሌላት ጅረት አለች። በበጋ በአንድ እርምጃ ትሻገራታለህ፤ በነሐሴ ግን አትሞክራትም። እሷ ጉማራ ትገባለች፣ ጉማራ ጣና ይገባል።

ባለፈው ፋሲካ አንድ ዘመዳችን ምሳ ላይ አባቴን ያዘው። የምትበትኑት ዩሪያ በሙሉ ሐይቁ ገብቶ እምቦጩን ያበላል ባይ ነው። አባቴ እንግዳ አክባሪ ስለሆነ ሌላ እንቁላል ጨመረለትና ዝም አለ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ማታውኑ የምከታተለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ ለጠፍኩ። ነገሬ ባጭሩ ይኸ ነበር፦ ወንዝ ቧንቧ አይደለም። በ50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ከዚያ ከፊሉ ጅረት ቢገባ እንኳ ጅረቷ ትበላዋለች እንጂ እንዳለ አታሳልፈውም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ አልኩ።

አረሙኝ። ስም እየጠራሁ ማንንም ስለማላሳፍር በቁጥር ልተርክላችሁ።

1ኛው ምላሽ የአስተማሪ ነው፤ አጻጻፉ ያስታውቃል። ካመሰገነኝ በኋላ ከሀ ጀመረ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ነገር ግን ተክል እንዲህ እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። ጓያና ሽምብራ ሥራቸው ላይ ባሉት ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ይወስዱታል። ሌላው ሰብል ፍግ ወይም ማዳበሪያ ይጠብቃል። ዩሪያ አፈር ሲነካው መጀመሪያ አሞኒየም ይሆናል፣ ከዚያ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬት ያደርጉታል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። አሞኒየም ከሸክላ አፈር ጋር ይጣበቃል። ናይትሬት ግን አይጣበቅም፤ ውሃ በሄደበት ይሄዳል። ስለዚህ ጅረት ውስጥ በብዛት የምናገኘው ናይትሬትን ነው።

2ኛው አንድ መስመር ነው። አባቴ ዩሪያውን በትኖ ይተወዋል ወይስ ይቀብረዋል ሲል ጠየቀ። በትኖ ነው የሚተወው አልኩ። እንግዲያው በሞቀ የሩዝ ውሃ ላይ የተበተነ ዩሪያ ቀላል የማይባል ክፍሉ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይበናል፣ ዘመድህ የከሰሰበት ዩሪያ ከፊሉ ወንዙንም አላየው ብሎ ሄደ። ደስ አለኝ። ገንዘቡ መብነኑ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

3ኛዋ የወንዝ ሰው ነች። የክሩ፣ ማለትም የዚህ የምላሾች ሰንሰለት፣ እናት እሷ ሆነች ማለት ይቻላል። አንዲት የናይትሮጅን ቅንጣት ጅረት ገብታ ምን እንደሚገጥማት ተረከች። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ያለው አረንጓዴ ዝልግልግ ይወስዳታል። ዝልግልጉን የነፍሳት እጭ ይግጠዋል። እጩ ይሞታል፣ ይበሰብሳል፣ ቅንጣቷ እንደገና አሞኒየም ሆና ውሃው ውስጥ ትለቀቃለች። ትንሽ ወርዳ ሌላ ድንጋይ ይይዛታል። መሬት ላይ ቢሆን ይህ ክብ ዑደት ነው። ጅረት ውስጥ ግን ውሃው ስለሚወርድ ክቡ ይሳባል። ምሳሌዋን ወደድኩት። እናቶቻችን ሙዳይ ሲሰፉ አክርማው እየዞረ ወደ ላይ እንደሚወጣው፣ ናይትሮጅንም እየዞረ ወደ ታች ይሄዳል። ይህን ሐሳብ የአሜሪካ የጅረት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ እንዳነሱትም ጨመረች። ዋናው ጥያቄ አንዱ ዙር ስንት ሜትር ይፈጃል የሚለው ነው።

4ኛው ወዲያው ይህን በዓይኑ ያየ ማን ነው ሲል ጠየቀ። በክፋት አልነበረም።

5ኛው ምላሽ የእሷው ነው። ናይትሮጅን ከተለመደው ትንሽ የሚከብድ ወንድም አለው፤ ናይትሮጅን 15 ይባላል። ተፈጥሮ ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆነ እንደ ምልክት ያገለግላል። ከብት ጆሮ ላይ ምልክት አድርጎ እንደመልቀቅ ነው። በሰሜን አሜሪካ 12 ትንንሽ ጅረቶች ላይ ይህን በአሞኒየም መልክ እያንጠባጠቡ የት እንደሚደርስ ተከታተሉ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አሞኒየሙ ከውሃው የወጣው በአሥርና በመቶ በሚቆጠሩ ሜትሮች ውስጥ ነበር። ናይትሬት ከዚያ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይርቃል። ከሁሉ የገረመኝ ትንንሾቹ ጅረቶች ከትልልቆቹ መብለጣቸው ነው። ጥልቀት ስለሌላቸው ውሃው ሁሉ ድንጋይ ይነካል። ሕይወት በሚበዛበት ወቅት ከገባባቸው የሟሟ ናይትሮጅን ከግማሽ ያነሰውን ብቻ ነው ወደ ታች የሚያሳልፉት።

ስም የለሿ ጅረታችን ትዝ አለችኝ። ኩራት ቢጤም ተሰማኝ።

6ኛው ኩራቴን ቀማኝ። ቃሉም ሻካራ ነበር። የአሜሪካ ጫካ ውስጥ ያለ መስታወት የመሰለ ጅረት ከጉማራ ጋር ምን አገናኘው? ሐምሌ ላይ ጉማራ ድፍድፍ ነው። ብርሃን ድንጋዩ ጋ አይደርስም። ብርሃን ከሌለ ዝልግልግ የለም። ድንጋዩ ራሱ እየተንከባለለ ነው። መጽሐፍ በማንበብ ወንዝ አይታወቅም አለ። የመጨረሻዋን ባይጨምራት ኖሮ ሙሉ በሙሉ እስማማ ነበር።

7ኛው ደገፈው፣ በጨዋ አነጋገር። ወጣት ሳለ የወንዝ ከፍታ እየለካ ይመዘግብ ነበር። ማታ ሲተኛ እስከ ጉልበት የነበረው ውሃ ሌሊት መለኪያውን ዘንግ ውጦት ያድራል፤ ጠዋት ወርዶ ያገኘዋል። የዓመቱ ውሃ አብዛኛው የሚያልፈው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ናይትሬት ማንም አይዘውም። 3ኛዋ መጥታ ልክ ናችሁ አለች፣ በ8ኛው። በጎርፍ ጊዜ ጅረት ወደ ቧንቧነት ይጠጋል። እኔ ስለጥፍ ያሰብኩት የበጋዋን ጅረት ነው፣ ማዳበሪያ የሚበተነው ግን በክረምት ነው። መጀመሪያ የተሸነፍኩት እዚህ ጋ ነው።

9ኛው ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ ናቸው። አንቱ ያስባለኝ ዕድሜያቸው ብቻ አይደለም። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ የሚያመጣው ናይትሬት ሁሉ ከዩሪያ አይደለም አሉ። በጋውን ደርቆ የቆየ አፈር በድንገት ሲርስ፣ ውስጡ ያሉ ደቂቅ ሕዋሳት ይነቃሉ። የሞተውን ሁሉ ይበላሉ፣ ናይትሮጅን ይለቃሉ። ተክሉ ገና ስላልበቀለ የሚወስደው የለም። ጎርፉ ያገኘዋል። በርች የተባለ ተመራማሪ ኬንያ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህን ስለገለጸው ክስተቱ በስሙ ይጠራል። ገበሬ ግን ከዚያ በፊትም ያውቀዋል፤ ከመጀመሪያው ዝናብ ቀድሞ የዘራ የሚጠቀመው በዚሁ ነው አሉ። አንድም ሰው አልተከራከራቸውም።

ከ10 እስከ 14 ያሉት ከመንገድ ወጡ። አንዱ የማዳበሪያ ዋጋ አነሳ። ሌላው ለማዳበሪያ ስለሚቆመው ሰልፍ ጻፈ። ውጭ አገር የሚኖር ሰው ለምን በኮምፖስት ብቻ አታርሱም ብሎ ጠየቀ። 13ኛው ነገሩን ሳያለዝብ፣ ሱፐርማርኬት ዳር ተቀምጦ ለገበሬ መምከር ቀላል ነው አለው። ነገሩ ወደ ስድብ ሲያዘነብል ወደ ጅረቱ እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

የመለሰችን 15ኛዋ ናት፣ ያውም በኩበት። ኮምፖስት ያልከው ወንድሜ፣ ፋንድያው ምድጃ ውስጥ ነው ያለው አለች። እበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፈረስና ፖታሲየም ነው። አንዱን አቃጥለን ሌላውን በብር እንገዛለን። ቀጥላም የጠየቀችው ጥያቄ እኔን ነካኝ። ቀትር ላይ ከብቶቻችሁ የት ይቆማሉ? ጅረቷ ውስጥ ነው የሚቆሙት። ይጠጣሉ፣ ይሸናሉ። ሽንት ውስጥ ደግሞ ያው ዩሪያ አለ። በማሳው አድርጎ ሳይጣራ በቀጥታ ይገባል። ልጅ ሆኜ ጥጃ ያጠጣሁበት ቦታ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አምኜ ጻፍኩ፤ 16ኛው የእኔ ነው።

17ኛው ሌላ ጉዳይ ይዞ መጣ። ባለው መፈተኛ ወረቀት የግቢውን ጉድጓድ ውሃ ለክቶ በሊትር 20 ሚሊግራም አነበበ። የናይትሬት ጣሪያ 10 ነው፣ ስለዚህ ሁለት እጥፍ ነው፣ ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ተጠንቀቁ አለ። 18ኛው ሰው አታስፈራራ ብሎ ተነሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ 50 ነው፣ 20 ምንም አይደለም አለ። 17ኛው መልሶ፣ በናይትሬት ብዛት የሕፃናት ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ሰውነታቸው ሰማያዊ ይሆናል፣ አንተ ነህ የምትጠየቀው ሲል በ19ኛው ጻፈ። 20ኛው ውሃውን አፍልቼ እጠጣለሁ ብሎ ለማረጋጋት ሞከረ። ይባስ ብሎ ሁለቱም ተባብረው ወረዱበት። ማፍላት ናይትሬትን አያወጣውም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይወፍራል።

ያስታረቀቻቸው 3ኛዋ ናት። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ የለካችሁት በተለያየ ቁና ነው አለች። 10 የሚለው የአሜሪካ ደንብ ነው፤ ውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ይቆጥራል። 50 የሚለው ናይትሬቱን በሙሉ፣ ኦክስጅኑን ጨምሮ ይቆጥራል። 10 ሚሊግራም ናይትሮጅን ማለት 44 ሚሊግራም ናይትሬት ያህል ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የመጣበት ዕቃ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብብ አለችው። 17ኛው ጠፋ። ይህን ልብ በሉልኝ።

22ኛው ወደ ጥያቄዬ መለሰን፣ ያውም በጥሩ ጥያቄ። ዝልግልጉ ይበላዋል፣ እጩ ይበላዋል ብላችኋል፤ ግን ሲሞቱ መልሰው ይለቁታል። ይህ ብድር እንጂ መክፈል አይደለም። ለዘለቄታው የሚወጣው በምን በኩል ነው?

23ኛው በጭቃው በኩል ነው አለ። የጅረት ዳር ረግረግ፣ ከጠጠሩ ሥር ያለ አየር የማይገባበት ቦታ፣ የበሰበሰ ቅጠል የተከመረበት ጥግ። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ ናይትሬትን ይተነፍሱታል። ትርፉ ናይትሮጅን ጋዝ ነው። አረፋ ሆኖ ወደ መጣበት አየር ይመለሳል። ጭቃውን ስትረግጠው የሚወጣው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ምስክር ነው አለ። 24ኛው የመጨረሻዋን አረመ፤ ትሕትና አላበዛም። ናይትሮጅን ጋዝ ሽታ የለውም። እንቁላል የሚሸተው ድኝ ያለበት ጋዝ ነው። ያ የሚመጣው ባክቴሪያዎቹ ናይትሬቱን ጨርሰው ወደሚቀጥለው ሲያልፉ ነው። ስለዚህ ሽታው ናይትሬት አለ ሳይሆን አልቋል ማለት ነው። 23ኛው አመሰገነው። በዚህ መድረክ ላይ ሰው እርማት ሲያመሰግን ሳይ ሁለተኛዬ ነው።

25ኛው ዋናውን እርማት አመጣ፤ ለእኔ ነበር። የ2001ዱ ጥናት ተከታይ አለው። በናይትሬት መልክ፣ 72 ጅረቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። ጫካ ብቻ አይደለም፤ በእርሻና በከተማ ውስጥ የሚያልፉትም ነበሩበት። ጅረቶች ከውሃው ከሚወስዱት ናይትሬት ወደ ጋዝ የሚቀይሩት አማካዩ 16 በመቶ ገደማ ነው። ሌላው ብድር ነው። ዋናው ግን ይህ ነው፤ ናይትሬት በበዛ ቁጥር ጅረቱ የሚይዘው ድርሻ ይቀንሳል። ድግስ ላይ አንድ አሳላፊ እንዳለ አስቡት። እንግዳው 20 ሲሆን ሁሉም ይበላል። 200 ሲሆን አሳላፊው የበለጠ ይሮጣል፣ የበለጠም ያቀርባል፣ ግን አብዛኛው ሳይበላ ይሄዳል። ጅረት ትበላዋለች ማለት እውነት ነው፤ እንደፈለግን እንበትን ማለት ግን አይደለም።

26ኛው ከዚያ ጋዝ ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ እንደሚወጣ አስታወሰ። በጅረቶች ውስጥ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ነገር ግን አየርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ከዚያ ባሕር ዛፍ መጣ። አማርኛ ተናጋሪ ባለበት ስለ ውሃ ተወርቶ ባሕር ዛፍ ሳይነሳ አይቀርም። 27ኛው ጅረት ያደረቀው እሱ ነው አለ። 28ኛዋ ከናይትሮጅን ጋር አያያዘችው። ጅረት ውስጥ የሚወድቅ ቅጠል ለነፍሳቱ ቀለብ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ጠንካራ፣ ዘይታም፣ በናይትሮጅንም ድሃ ስለሆነ ቶሎ አይበሉትም። በፖርቱጋልና በስፔን ጅረቶች ላይ ብዙ ተጠንቷል። 29ኛው ጥናቱን አላነበበም፤ ግን ሁለት ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ ያስገባው አጣናው ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ጭቅጭቅ እዘለዋለሁ።

30ኛው እምቦጩን ራሱን አነሳ። ዩሪያ እምቦጭን አላመጣም። በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ነው። ለአበባው ሲባል ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰ ተክል ነው። ማዳበሪያ ቢያደልበው እንኳ ናይትሮጅን ብቻውን አይደለም፤ ፎስፈረስም አለ። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ከረጢት ላይ 19፣ 38፣ 7 ተብሎ ተጽፏል፤ 38ቱ የፎስፌት ነው። ፎስፈረስ ደግሞ እንደ ናይትሬት ሟሙቶ ሳይሆን በብዛት አፈር ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል። ለእሱ እርከን ያስፈልጋል፣ ለናይትሬት ረግረግ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ዘመዴን በግማሽ ያስፈታ በግማሽ የሚያስር ፍርድ ነው።

31ኛዋ ከአዲስ አበባ ጻፈች። እናንተ የገጠር ጅረት ታወራላችሁ፤ ቀበናንና አቃቂን እዩ አለች። እዚያ የሚገባው ፍሳሽ ናይትሮጅኑ በአሞኒየም መልክ ነው። አንድ ግራም የአሞኒየም ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመቀየር 4.6 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈጃል። ውሃው ኦክስጅኑን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ሳይቀየር አባ ሳሙኤል ድረስ ይወርዳል። ማንም አልመለሰላትም። ክሩ የፎገራ ስለነበር ይመስለኛል፤ ቅር ብሎኛል።

32ኛው ምን ይደረግ ብሎ ዘረዘረ። ዩሪያውን ከፍሎ በሁለት ጊዜ መስጠት፣ መቅበር፣ እስከ ጅረቱ አፋፍ አለማረስ፣ ፊላና ደንገሉን መተው፣ ለከብት ገንዳ መሥራት። 33ኛው ተቆጣ። ግማሽ ጥማድ ያለው ሰው ለባክቴሪያ ብሎ መሬት ይተዋል? አፋፉ ላይ ያለው ሣር የበጋ መኖ ነው። መልስ የለኝም። ሁለቱም እውነት ነው።

34ኛው የእኔ ነው። ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጅረታችን ድሮ ትዞር ነበር። ከሾላው በታች ተጠማዝዛ ረግረግ ትሠራ ነበር፤ ጥጃ እየሰጠመብን ተቸግረናል። እኔ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ አባቴና ጎረቤቶቹ በደቦ ቦይ ቆፍረው ቀጥ አደረጓት። ረግረጉ ደረቀ። ዛሬ በጣም ጥሩ ሽንኩርት የሚወጣበት መሬት እሱ ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያዬም ከዚያው ወጥቷል። ጅረቷ ትበላዋለች ብዬ ስከራከር የነበረው ሆዷን ከቆረጥንላት በኋላ ነው። ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። ሳቀና ዘመዴ ይህን እንዳይሰማ አለኝ።

እዚህ ጋ ያበቃ መስሎኝ ነበር። 35ኛው ግን 17ኛው ሰው ነው። የወረቀቱን ማሸጊያ ከቆሻሻ ውስጥ ፈልጎ አግኝቶ ፎቶ ለጠፈ። በደቃቃ ፊደል የተጻፈው በናይትሮጅን ልክ የሚል ነው። 20ው ወደ ናይትሬት ሲመለስ 88 ገደማ ይሆናል፤ በሁለቱም ቁና ከጣሪያው በላይ። 18ኛው ከሥሩ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በአቅራቢያው ማሳ ይኖር እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱስ ከጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቀው።

ማሳ የለም፣ መሀል ከተማ ነኝ አለ። ሽንት ቤቱ 12 እርምጃ ነው፣ ከላይ በኩል።